ሌላ ስም

ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው የእንግዳ እግር አያጥብም። ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ይሁንና እሑድ ረፋድ ላይ ያን ክፍል ከሞሉት ፖሊሶች መካከል ሳፋውን ልብ ያለ አልነበረም።

የፍልሰታ ጾም ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰንብቷል። አከራይዋ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከቅዳሴ ስትመለስ የተከራይዋን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ተከራይዋ የኔአለም ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ወድቃለች፤ ክፍሉ በሰብል መድኃኒት ሽታ ታፍኗል። በእኛ አገር ይህን ሽታ የማያውቅ ፖሊስ የለም። ቀድሞኝ የደረሰው ሳጅን ዓለምነውም ገና ከደጃፉ «ራሷን አጥፍታለች፣ ኢንስፔክተር» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋልኝ ተጣደፈ።

«መርዙን በምን ጠጣችው?» አልኩት።

«በምን ማለት?»

«መቼም በእፍኟ አልቀዳችውም። ዕቃው የታለ?»

አልጋው ሥር፣ ጓሮው፣ የሽንት ቤቱ መንገድ ሁሉ ተፈተሸ። መርዝ የነበረበት ዕቃ ጠፋ። በምትኩ የነበረው አልጋው አጠገብ የተቀመጠ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። ውሃው ጠልሎ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ዘቅጧል። የማርቆስ አፈር ቀይ ነው፤ ይህ ግን መረሬ ነው፣ በክረምት ከከተማው ርቆ ያለውን የቁይን ሜዳ የሚሞላው፣ ጫማ ከእግር የሚነጥቅ ጥቁር አፈር። ከሳፋው አጠገብ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ እርጥብ ፎጣ በሥርዓት ታጥፏል። የሟቿ እግር ንጹሕና ደረቅ ነበር።

«ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነበራት» አልኩ። «ያውም የምታከብረው። አጎንብሳ እግሩን አጥባለታለች።»

ሳጅን ዓለምነው ቅር እያለው መዝገቡን መልሶ ከፈተ።

በሟቿ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ «መቅዲ ቢሮ» ከሚል ሰው የመጣ ነበር። መቅዲ የተባለችውን ያገኘኋት በማግስቱ «እማኝ» በሚባለው የሰብዓዊ መብት ፋውንዴሽን ቢሮ ነው። እንዲህ ያለ ቢሮ ስገባ ይከፋኛል። ግድግዳው በሚያለቅሱ ሰዎች ፎቶ ተሸፍኖ ወንበሩ በጣም ይመቻል።

ዳይሬክተሩ አቶ ታዲዮስ ገና ሳልቀመጥ «መግለጫ እያዘጋጀን ነው» አለኝ። «በመብት ተሟጋቾች ላይ የተቃጣ ጥቃት መሆኑን የሚያሳይ።»

«ሟቿ ተሟጋች ነበረች?»

«ተጠቃሚያችን ነበረች። ከመሬቷ ተፈናቅላ መጥታ ጠበቃ አቁመንላታል።»

«እንግዲያው መግለጫው ይቆይ። የምትኖርበትን ክፍል ማን ያውቅ ነበር?»

«የተከራየንላት እኛ ነን። ከቢሮው የምናውቀው እኔና ለልምምድ የመጣችው ኢንተርን ብቻ ነን። እኔ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበርኩ።»

ሥልጠናው እውነት መሆኑን አብረውት የነበሩት ሰዎች አረጋገጡልኝ። የቀረችው ኢንተርኗ፣ ያቺው መቅዲ ናት።

መቅደላዊት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ጋዜጠኝነት የምትማር ልጅ ናት። ለተግባር ልምምድ ኮሙኒኬሽን ክፍል ተመድባ፣ በደል የደረሰባቸውን ሰዎች ታሪክ እየጻፈች በፋውንዴሽኑ ፌስቡክ ላይ ታወጣለች። ስገባ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን ጠፍቷል።

«ቅዳሜ ደወልኩላት» አለችኝ። «ታሪክሽን ብዙ ሰው ሼር አደረገው ልላት ነው። በጣም ደስ አላት።»

«የቱን ታሪክ?»

ስልኳን ሰጠችኝ። አነበብኩት።

«ማርያማዊት (ስሟ ተቀይሯል) ባሏ ከተገደለ በኋላ የባሏ ወንድም ያስገደልሽው አንቺ ነሽ ብሎ ከመሬቷ አባረራት። ባሌን የገደለውን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ ትላለች። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለአንዲት እናት ስል ነው፤ አሁን ግን ስሜን ለማጥራት ፍርድ ቤት ቆሜ እናገራለሁ።»

«ገዳዩ ማን እንደሆነ ነገረችሽ?»

«ለዳኛ ብቻ ነው የምናገረው አለችኝ።»

«እናት ያለቻትስ?»

«ስጠይቃት ማልቀስ ጀመረች። ተጎጂን አታስጨንቁ ተብለን ነው የሠለጠንነው። ተውኩት።» ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ስሟን ቀይሬያለሁ። ወረዳዋን ቀይሬያለሁ። ፎቶውን ከጀርባዋ ነው ያነሳሁት፣ የለበሰችው ነጠላ እንኳ የእኔ ነው። እና በምን አወቋት? ኢንስፔክተር፣ እኔ ነኝ ያስገደልኳት?»

«አላውቅም። ሳውቅ እነግርሻለሁ።»

«ቢከፋም ይነግሩኛል?»

«ቢከፋም።»

እንዲህ ያለ ቃል መግባት አልወድም። የልጅቷ ዓይን ግን አላስቀምጥ አለኝና ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ የሚያኮራ አይደለም። «አንዲት እናት» የምትለዋን ሐረግ ይዤ ቁጭ አልኩና ለራሴ አንድ የሚያምር ታሪክ ሠራሁ። ባሏን ዘማርያምን የገደለው የገዛ ወንድሙ ዓባይ ነው፤ መሬቱን ፈልጎ። እናት የተባለችው አማቷ ናት፤ አንዱን ልጇን ቀብራ ሌላው እንዳይታሰርባት የኔአለም አዝናላት ዝም ብላለች። ዓባይም ፌስቡኩን አይቶ መጥቶ ዝም አሰኛት። ሁሉም ግጥም አለልኝ። የማይገጥመው ሳፋው ብቻ ነበር፤ እሱን ረሳሁት። ሰው ደስ የሚል መላ ሲያገኝ የማይመቸውን ነገር ለመርሳት አይቸገርም።

ዓባይ በደጀን ከተማ ከጭነት መኪኖች ጋር እንደሚውል ሰማሁ። ያዙልኝ ብዬ ደጀን ጣቢያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ባልደረባዬ ሳቀ።

«ተይዟል እኮ። ቅዳሜ ከሾፌር ጋር ተደባድቦ እኛው ጋ ነው ያለው።»

በሕይወቴ «ያን ጊዜ እዚያ አልነበርኩም» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ማስረጃ አላጋጠመኝም። ምስክሩ ራሱ ፖሊስ ነው። በስልክ አቀረቡልኝ።

«ሞተች?» አለኝ ዓባይ። «እኔ አባረርኳት እንጂ አልገደልኳትም። ወንድሜንም አልገደልኩም።»

«ቤቷ ብትሄድ እግርህን ታጥብልህ ነበር?»

«እኔን? እኔን ካየች ውሻ ነው የምትፈታብኝ።»

«እናትህስ ማርቆስ ትሄዳለች?»

«እናቴ ከአልጋ ከወረደች ሁለት ክረምት አለፋት፣ ጌታው።»

ስልኩን ስዘጋ አለቃዬ ኮማንደሩ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ክፍሏን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ባሕር ዳር ነበረ» አለኝ። «ልጅቷን አስገባት።»

«ምን ፈልጋ ትገድላታለች?»

«እሱን ገብታ ትነግረናለች።»

ማክሰኞ ጧት መቅደላዊት ጣቢያ ገባች። ቀበቶዋንና የጫማዋን ክር ፈትታ አስረከበች። የጠየቀችኝ «በምን እንዳወቋት ደረሱበት?» ብላ ብቻ ነው። አልደረስኩም አልኳት።

አስከሬኑ ተመርምሮ ያን ዕለት ወደ አገሯ፣ ከቁይ ወጣ ብላ ወዳለች መንደር ተሸኘ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። መርማሪ ልቅሶ የሚሄደው ለማልቀስ አይደለም፤ የሚያለቅሱትን ለማየት ነው። መኪናዬን አስፋልቱ ዳር ትቼ መረሬውን በእግሬ ገባሁበት። ለቀስተኛው መሐል ለመድረስ ጫማዬን ከጭቃው እየነቀልኩ መሄድ ነበረብኝ።

ሴቶቹ መሐል ገላጣ ቦታ ትተው ቆመዋል። በመሐሉ አንዲት ነጠላዋን አደግድጋ የታጠቀች ጠንካራ ባልቴት እየዞረች ሙሾ ታወርዳለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ከብዙው ግጥም አንዷ ጆሮዬ ላይ ቀረች።

ጭቃ ረግጬ ብመጣ እግሬን ያጠበችኝ፣
ጉልበቴን የሳመች፣ እናቴ ያለችኝ።

ስለ ሳፋው ያወቅነው እኔ፣ ሳጅን ዓለምነውና አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ብቻ ነበርን። እርግጥ እግር ማጠብ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ባልቴቷ የድሮውን እያነሳች ሊሆን ይችላል። አጠገቤ የቆመውን ሰው ማን ናት አልኩት።

«ወይዘሮ የብርጓል ናት። ሟቿን ክርስትና ያነሳቻት፣ እናት አባቷ ሲሞቱም ያሳደገቻት።»

ነገሩ ከበደኝ። የሞተችው ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ባልቴቷን በልቅሶዋ ልጠረጥራት ነው። ራሴን ታዘብኩት።

ከዚያ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ኮፍያዬን አውልቄ ከግድግዳው ተጠግቼ ቆምኩ። ቄስ አካለ ወልድ ፍትሐቱን ጀመሩ። እንደ ሌላው ጊዜ ግማሽ ጆሮዬን ሰጥቼ እያዳመጥኩ ሳለ «ለነፍሰ ማርያማዊት» ሲሉ ሰማሁ። ደገሙት። ማርያማዊት።

ፌስቡክ ላይ ያነበብኩት የፈጠራ ስም ነው ብዬ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከሚወለዱ ሴቶች ስንቶቹ ማርያማዊት ናቸው፤ የከተማ ልጅ የመረጠችው የሚያምር ስም ብዬ አልፌው ነበር።

ቀብሩ እንዳበቃ ቄሱን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ፍትሐቱ ላይ የጠሩት ስም የማን ነው?»

«የማን ይሆናል ልጄ፣ የእርሷ ነው እንጂ። የክርስትና ስሟ።»

«ማን ማን ያውቀዋል?»

«እኔ የነፍስ አባቷ አውቀዋለሁ። ክርስትና ያነሳቻት የብርጓል ታውቀዋለች፤ ስሟን የያዘችላት እሷ ናት። ሌላ ማን አለ? እናት አባቷም ባሏም አልፈዋል። የክርስትና ስም በየመንገዱ አይነዛም፤ መተተኛ እጅ ይገባል ብሎ ሰው ይደብቀዋል።»

«እርስዎ እሑድ የት ነበሩ?»

«ቀድሼ ነዋ፣ ልጄ። የት እሆናለሁ?» አሉኝና ትክ ብለው አዩኝ። የምጠይቃቸው ለምን እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል፤ ማተባቸውን ይዘው ሄዱ።

የወይዘሮ የብርጓል ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። ለቀስተኛው ዳስ ውስጥ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። በምሰሶው ላይ ሥዕለ ማርያም ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ የሃይላንድ ጠርሙስ ተንጠልጥሏል፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት።

«ይቀመጡ የኔ ጌታ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ የኔአለምን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ለፋሲካ። ማርቆስ መናኸሪያ ተገናኝተን ሳምኳት።»

«ማርቆስ ከገባች ወዲህ ሌላ ጊዜ አላዩዋትም?»

«ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።»

«ጭቃ ረግጬ ብመጣ እግሬን አጠበችኝ ሲሉ ሰማሁዎ። ለፋሲካ ጭቃ አለ እንዴ?»

ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለች።

«ያ ምንድን ነው?» አልኩ ወደ ምሰሶው እያየሁ።

«ጠበል ነው።»

«ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ልቅመስ?» ብዬ ተነስቼ ጠርሙሱን አወረድኩ። ክዳኑን ስይዝ ባልቴቷ ዘልላ እጄን ያዘችው። እጇ እንዲያ ይጠነክራል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ተው ልጄ። አትንካው። አንተም የሰው ልጅ ነህ።»

ክዳኑ ሳይከፈት እንኳ ያ ሽታ አፍንጫዬ ደርሶ ነበር። ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ለምን አልጣሉትም?»

«ጠበል ያለበት ነው። የት ይደፋል?» አለች። የምሯን ነው። ሰው በመርዝ የገደለች ሴት የማርያምን ጠበል መሬት ላይ መድፋት አልሆነላትም።

ከዚያ ሳልጠይቃት ተናገረች። ወደ እኔ አላየችም።

«ልጄ አንሙት ነው ያነበበልኝ። ማታ ማታ ከስልኩ እያነበበ ያጫውተኛል። የአንዲት ሴትዮ ታሪክ ብሎ ጀመረ። እሱ አላወቃትም፣ አገሩም ሌላ ነው የተባለው። ማርያማዊት ሲል ግን እኔ አወቅኋት። በሰማንያ ቀኗ አቅፌ ያነሳኋት ልጄ ናት። ካህኑ በጆሮዬ ነው የነገሩኝ ያን ስም።»

«ባሏን የገደለው አንሙት ነው?»

«በእርሻ ድንበር ነበር የተጣሉት። ደም የነካ ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሷ ማየቷን አላውቅም ነበር። ለእኔ ስትል ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቷንም አላውቅም ነበር፤ እሱንም ከስልኩ ነው የሰማሁት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ለፋሲካ ክፍሏን ከሩቅ አሳይታኝ ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ ተሳፍሬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ጮኸች፣ ከደስታዋ ብዛት። ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጠበል አምጥቼልሻለሁ አልኳት። ስታሸተው ምን አለበት እናቴ አለችኝ። እምነት አለበት፣ ጠጪ አልኳት። ጠጣች።»

በጠበል ውስጥ የሚበጠበጠውን የቤተ ክርስቲያን አመድ እምነት እንለዋለን። ቃሉን ከዚያ ቀን ወዲህ በሰማሁ ቁጥር አፌን ይመረኛል።

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አለች ወይዘሮ የብርጓል። «አንዱን መረጥኩ።»

«አንሙትም ይያዛል፣ እማማ።»

«በምን? ያየችው እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ አሁን ቀበርን። ይህን ለአንተ እንጂ ለዳኛ አልደግመውም።»

እውነቷን ነው። አንሙትን ከዳሱ ይዘነው ሄድን፤ እናቱ ግን በእሱ ላይ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልሰጠችም። በራሷ ላይ ሁሉንም ተናግራለች።

ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ገና አልመሸም። ጠርሙሱን ለሳጅን ዓለምነው አስረክቤ መቅደላዊትን አስፈታኋት። ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ።

«ደረሱበት።»

«ደረስኩበት።» ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ተከትለዋት ነው ብላት፣ ክፍሏ ስትገባ ሰው አይቷት ነው ብላት አምናኝ አዲስ አበባዋ ትገባ ነበር። «ማርያማዊት የሚለውን ስም ከየት አመጣሽው?»

«እሷ ናት የሰጠችኝ። ስምሽን እንቀይረዋለን፣ ሌላ ስም ስጪኝ አልኳት። ለደህንነታቸው ራሳቸው ይምረጡ ነው የሚባለው። ቆንጆ ስም ነው ስላት ሳቀች።»

«ሌላ ስም ስትያት፣ ከየኔአለም ሌላ ያላት ስም አንድ ብቻ ነው። የክርስትና ስሟን ሰጠችሽ። ገዳይዋ ክርስትና ያነሳቻት ሴት ናት።»

ክሩን እንደያዘች ቀረች። እንድታለቅስ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። አታውቂም ነበር ልላት አስቤ የባሰ መሰለኝ።

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የጠየቅኳቸው» አለች።

«እነማንን?»

«ሌሎቹን። ገጹ ላይ ሌሎች ሦስት ሴቶች አሉ። ሌላ ስም ስጡኝ ብዬ ነው የሁሉንም የጻፍኩት።»

ስልኳን ከዕቃ ክፍል አምጥቼ ሰጠኋት። መጀመሪያ ታሪኮቹን አጠፋቻቸው፤ ሼር ያደረጉት ሰዎች ጋ ግን አሁንም አሉ። ከዚያ መደወል ጀመረች። የመጀመሪያዋ ስልኳ ዝግ ነው። ሁለተኛዋ ደጀን መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ፣ የፈላ ውሃ የደፋባትን ባሏን ከሳ የተደበቀች ሴት ናት። መቅደላዊት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንደምን ዋልሽ መቅዲዬ» አለች ሴትዮዋ። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ያን ቀን የሰጠሽኝን ስም… የክርስትና ስምሽ ነው?»

«አዎን። ሌላ ስም አላልሽኝም?» አለች። «ስታነቢልኝ አልቅሻለሁ እኮ። በእሱ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው።»

«ማን ያውቀዋል?»

«ማን ያውቀዋል፣ ባሌ ብቻ ነው እንጂ። አብረን ቆርበን የለ።»

እኔ ደጀን ጣቢያ እየደወልኩ ነው። መቅደላዊት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ስሚኝ፣ አሁኑኑ ሻይ ቤቱን ዝጊና ከውስጥ ቆልፊ። ለማንም እንዳትከፍቺ። ፖሊሶች ወዳንቺ እየመጡ ነው።»

የሴትዮዋ ድምፅ ቀጠነ።

«ፖሊስ? ምን አጠፋሁ እህቴ?»

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት መቅደላዊት።